ትንሿ መኪና ጣርማ በር ላይ

መቼም በቪትዝ ወይም በቮልስ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚነዳ ሰው የጣርማ በርን ጉም ሳይቀምስ አያልፍም። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብዙም አያስቸግርም። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው! ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጉሙ ድንገት ወርዶ አስፋልቱን ይውጠዋል።

ታዲያ ረጅሙን መብራት እንዳታበሩ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል። አጭሩን አብሩ። የኋላ መብራታችሁንም ከጭቃ ጥረጉ። አራቱን ፍሬቻ እያብለጨለጩ መንዳት ግን አይበጅም፤ ወዴት እንደምትታጠፉ ማን ያውቃል?

ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ጋ ስትደርሱ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ። ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ያመኑት እንደሆነ ግሎ ይከዳል። ተሳቢ መኪና ጀርባ አትለጠፉ። የሾፌሩ ስፖኪዮ ካልታያችሁ እሱም እናንተን አያያችሁም፤ ትንሿ መኪና ለእሱ የለችም ማለት ነው። ኩርባ ላይ መቅደምማ ጨርሶ አይታሰብ!

ጭላዳ ለማየት መቆም ካማራችሁ ከአስፋልቱ ፈጽማችሁ ውጡ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ ይከቧችኋል። ቆሎው የሚጣፍጠው ግን በሰላም ለደረሰ ነው።