የኢዮብን ትዕግሥት ለምንመኝ

በአገራችን ልቅሶ ቤት ገብቶ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጣችሁ» ሳይል የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። እኔም 68 ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ለሰው ብያለሁ፣ ለእኔም ተብሏል። ምርቃቱ መልካም ነው። ግን ኢዮብን ምን ያህል እናውቀዋለን?

ይህን የምጠይቀው በማንም ለመፍረድ አይደለም። የልጄ ባል ባለፈው ዓመት በ38 ዓመቱ አረፈ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው፣ ሁለት ዓመት ያህል በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሲመላለስ ቆይቶ ነው። የሰፈራችን እድር ድንኳን ጣለልን። ጎረቤቱ ንፍሮውን፣ ቡናውን፣ እንጀራውን ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ባይከበን ኖሮ ልጄ ከወደቀችበት የምትነሣም አይመስለኝ። ታዲያ ከመጡት መካከል አንዲት ደግ እናት የ7 ዓመት የልጅ ልጄን አቀፏትና፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር አባትሽን በጣም ስለሚወደው ነው የወሰደው» አሏት።

ሕፃን የሰማውን በልቡ ያኖራል። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ማታ አጠገቤ ተኝታ፣ «እማማ፣ እግዚአብሔር የሚወደውን ሰው ነው የሚወስደው?» አለችኝ። ምን እንደምላት ሳስብ ቀጠለች፤ «ታዲያ አንቺን አይወድሽም? አንቺ እኮ አርጅተሻል።» ትንሽ ዝም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔንስ ባይወደኝ ይሻላል። እማዬ ብቻዋን ትቀራለች» አለች።

ሴትዮዋ ክፉ አላሰቡም። ሁላችንም ከእናቶቻችን የሰማነውን ነው ያሉት። ቃሉ ግን ትንሿ ጆሮ ሲደርስ የእግዚአብሔር ፍቅር ማስፈራሪያ ሆነ። እኔም፣ «አባትሽ የሞተው ኩላሊቱ ታሞ ነው። ለምን እሱ እንደታመመ አላውቅም። እግዚአብሔር ግን ይወድሻል፤ የሱ መውደድ የሚያስፈራ አይደለም» አልኳትና አቅፌያት አደርኩ።

በማግስቱ መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ጀመርኩ። 42 ምዕራፎች አሉት። በምርቃታችን የምናነሣው ኢዮብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ኢዮብ ነው፤ ልጆቹንና ሀብቱን አጥቶ፣ ሰውነቱ በቁስል ተመትቶ፣ በፈጣሪው ላይ ክፉ ቃል ያልተናገረው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ያው ትዕግሥተኛ ሰው አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ ወዲያ ይሟገታል፣ ያማርራል፣ እግዚአብሔር ራሱ ቀርቦ እንዲመልስለት ይጠይቃል። «አታልቅሺ፣ ፈጣሪን ታስቀይሚያለሽ» የምንላት ሐዘንተኛ ከኢዮብ ግማሹን እንኳ አልተናገረችም።

ሊጠይቁት የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ግሩም ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው ለማስረዳት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በድሎ ካልሆነ በቀር ይህ ሁሉ አይደርስበትም ብለው እግዚአብሔርን ደግፈው ተከራከሩ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጠያቂው በኢዮብ ሳይሆን በሦስቱ አስረጂዎች ላይ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገሩም። ይቅር እንዲባሉም ኢዮብ እንዲጸልይላቸው አደረገ። ለኢዮብ ደግሞ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ተናገረው እንጂ መከራው ለምን እንደደረሰበት አልነገረውም። እኛ አንባቢዎች ምክንያቱን በመጀመሪያው ምዕራፍ እናውቃለን፤ ኢዮብ ግን ሳያውቀው መጽሐፉ ያልቃል።

በሰንበት ትምህርት ቤት ክፋት የሚመጣው ሰው ነፃ ፈቃዱን ለክፉ ሲያውለው ነው ተብለን ተምረናል። አምንበታለሁ። ጦርነቱም፣ ዘረፋውም፣ ድኻ መበደሉም በዚህ ይገባኛል። የአንድ ወጣት አባት ኩላሊት ሥራ ማቆም ግን በዚህ ብቻ አይገባኝም። ያልገባኝን ገባኝ ብዬ ለሕፃን ማስተማር ደግሞ ለእምነቷ አይጠቅማትም። ነገ አድጋ ስትመረምረው ከማብራሪያዬ ጋር እምነቱንም አብራ እንዳትጥለው እፈራለሁ።

የታመመ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ደግሞ ከዚህ የከፋ ቃል ትሰማላችሁ። «የማን ኃጢአት ይሆን?» የሚሉ አሉ። ይህ ጥያቄ ለጌታም ቀርቦለት ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁት፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰ። ለዚያ ዓይነት ወሬ ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም።

አልዓዛር ሞቶ በአራተኛው ቀን ሲመጣም ማርታና ማርያም እዚህ ብትሆን ወንድማችን ባልሞተ ነበር አሉት። ይህ ወቀሳ ነው። አልተቆጣቸውም። አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ እሱም አለቀሰ። ትንሣኤን የሚያውቀው እሱ ካለቀሰ፣ እኛ ሐዘንተኛን ዝም በይ የምንለው በምን ሥልጣናችን ነው?

ቤተ ክርስቲያናችንም በሰሞነ ሕማማት ይህንኑ ታስተምረናለች። ያን ሳምንት ተሳስመን ሰላምታ አንሰጣጥም። ዓርብ ዕለት ጉልበታችን እስኪዝል እንሰግዳለን። እሑድ ትንሣኤ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ዓርብን ዘልሎ ወደ እሑድ የሚሄድ የለም። ሐዘን ቤት ስንገባ ግን ገና ዓርብ ላይ ያለችውን እናት እሑድ ላይ ካልደረስሽ ብለን እናጣድፋታለን።

ስለዚህ እንደ እኔ የልጅ ልጅ ለምታሳድጉ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ሕፃኑ ሲጠይቃችሁ ሞትን በስሙ ጥሩት። «ሄደ»፣ «ተኛ» ከተባለ ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል፤ መኝታም ሊያስፈራው ይችላል። ሕመሙ ምን እንደነበር በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ የምታምኑትን ደግሞ አምናለሁ በሉ። ልቅሶ ቤት ስትሄዱም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በቂ ነው። ከቻላችሁ ሰው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ በሁለተኛው ወርም በሦስተኛውም፣ እንጀራ ይዛችሁ ተመለሱ።

የልጅ ልጄ አሁን ማታ ማታ ትጸልያለች። ለእናቷ ትለምናለች፣ ለእኔ ጉልበት ትለምናለች፤ ከዚያ በራሷ ቃል፣ «አባቴን ለምን እንዳላዳንከው አንድ ቀን ትነግረኛለህ» ትለዋለች። አላርማትም። እኔም የምጠይቀው እሱኑ ስለሆነ አብሬያት አሜን እላለሁ።