የአባቴ ሬዲዮ እና ልክክ ያለው ድንጋይ

አባቴ የሚኖሩት ከላላ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ የማታ ጓደኛቸው ሬዲዮናቸው ናት። ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ትጎርሳለች፤ የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። ልጆቼ ድንጋዩን «ባትሪ» ይሉታል፤ ለአባቴ ግን ባትሪ ማለት ለሱብሂ ሲነሱ የሚያበሩት ነው።

«ቻርጅ የሚደረግ ብገዛላቸው ይገላገላሉ» ብዬ ያለቀውን ድንጋይ በኪሴ ይዤ መርካቶ ሄድኩ። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሳስተያየው በወርድም በቁመትም ልክክ አለ። ላዩ ላይ 14500 ይላል። የፋብሪካ ቁጥር መስሎኝ አለፍኩት። ሁለት ገዝቼ ከነቻርጀሩ በዘመድ እጅ ላክሁ።

በሳምንቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ያ ድንጋይ ሬዲዮኗን አጨሳት እኮ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዳኝ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። 14500 ማለት ወርዱ 14 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 50 ሚሊሜትር ነው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ድንጋዩ ድብልብል መሆኑን ታመለክታለች። በዚሁ ሒሳብ 21700 ወርዱ 21፣ ቁመቱ 70 ነው። ስሙ መጠኑን እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ትንሹ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ያ የገዛሁት ሊትየም ደግሞ 3.7፣ በደንብ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ሁለቱ ተደርድረው 3 ቮልት ለለመደች ሬዲዮ ከ8 በላይ ለቀቁባት። መግዛት የነበረብኝ በዚያው መጠን የሚሠራውን፣ 1.2 ቮልት የሚለውን የኒኬል ድንጋይ ነበር። የልጆች መጫወቻና ሪሞትም ይህንኑ ትንሽ ድንጋይ ስለሚበሉ፣ እቤታችሁ 14500 ካለ ለብቻው አስቀምጡት።

በቅርቡ ደግሞ የባትሪያቸው ድንጋይ ደከመ። አሁንማ ተምሬያለሁ፤ «አባዬ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አልኳቸው። የእህቴን ልጅ ጠርተው አስነበቡት።

«አስራ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ይላል» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ዋጋው ይህ ከሆነስ ይቅርብኝ፤ በጨለማ እሰግዳለሁ።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። 18 በ65 መሆኑን፣ ቴስላ በፈረንጆቹ 2008 ያወጣት የመጀመሪያዋ መኪና እንኳ ይህንኑ ዓይነት ድንጋይ 6,831 ደርድራ እንደምትሄድ ነገርኳቸው። «ታዲያ እኔ አንድ ብለምን በዛ?» አሉ።

18650ውን ገዛሁ። 9900 የሚል የተጋነነ አቅም የተጻፈባቸውን አልፌ ነው፤ በዚህ መጠን ከ3500 ብዙም የሚበልጥ የለም። አብሬ አዲስ ሬዲዮና ባለ 1.2 ቮልቱን ድንጋይ ላክሁ። አባቴ ግን ድንጋዩን ወዲያው አላስገቡትም። የልጅ ልጃቸውን ማስመሪያ አስመጥተው ለኩት፤ ቀጥሎም ደወሉልኝ።

«መጠኑስ ደህና ነው። ጉልበቱ የተጻፈው የት ጋ ነው?»