ተመልካችና ምስክር

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ራስጌ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ያላነበበ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። እኔም በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት ቈጥሬ አልዘልቀውም። ተመለከተ ማለት በዐይኑ አየ ማለት ነው፤ «ይመለከተኛል» ሲባል ግን ነገሩ የእኔ ነው፥ እጠየቅበታለሁ ማለት ይሆናል። ቃሉ አንድ ሲሆን በሰዉ ዘንድ ግን ሁለቱ ተለያይተው ይኖራሉ። የኳስ ወይም የቴአትር ተመልካች ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል፤ አይቶም ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው የለም።

ታዛቢ ከዚህ ይለያል። እርሱ ያየውን በልቡ ይመዘግባል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ከአውሮፓ ኅብረትና ከካርተር ማእከል ለመጡት ሰዎች ይህ ቃል የሥራ ስም ሆኗቸው ነበር። በየቤታችን ግን ታዛቢ የሚፈራ ሰው ነው። እናቴ በእንግዳ ፊት ያጠፋሁ እንደ ሆነ አትቈጣኝም ነበር፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ቀስ ብላ «ታዘብሁህ» ትለኛለች፤ ይህም ከአለንጋ ይልቅ ያንገበግበኝ ነበር።

እማኝ ደግሞ ነገሩ ከመፈጸሙ በፊት ተጠርቶ የሚመጣ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል ያለ ሁለት ምስክሮች እንዳይጸና ያዘዘው ለዚሁ ነው። ምስክር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠራ ነገሩ ድንገት ይደርስበታል፤ ምስክርነቱም በማየቱ አይፈጸምም፤ አፉን እስኪከፍት ድረስ ያው ተመልካች ነው። በግእዝ ምስክርነት «ስምዕ» ይባላል፤ ሥሩ መስማት ነው። ሰማዕት የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በፋሺስቶች እጅ ያለቁትን ወገኖቻችንን ሰማዕታት እንላቸዋለን፤ ብዙዎቹ አንዲት ቃል ለመናገር ጊዜ አላገኙም፤ መመስከሩ ለተረፉት ቀረ።

አባቶቻችን አይቶ ዝም ማለትን ለሰውየው ፈቃድ አልተዉትም። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ያገሩ ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰብና እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቅ ነበር። ገበሬው ሥራውን ፈትቶ መዋሉ ብዙ አስመርሮታል፤ ስለዚህ ሥርዐቱ ይመለስ አልልም። ሆኖም በዚያ ጉባኤ «አይመለከተኝም» የሚል መልስ አያስኬድም ነበር።

ይህን ሁሉ ያስቈፈረኝ አንድ የቈየ ዕዳ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሓፊነት ተቀጥሬ ነበር። በመዝገብ ቤቱ ሁሉም «አባባ» የሚሏቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ፋይል ጠፋና ጥፋቱ በእርሳቸው ላይ ተደረገ። እኔ ግን በዋዜማው፥ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፥ አንድ ሹም ፋይሉን ከመደርደሪያ አውርዶ በኮቱ ሥር ሲሸጕጥ በበሩ ክፍተት አይቻለሁ። አጣሪዎቹ ጠርተው ሲጠይቁኝ «የመዝገብ ቤት ነገር እኔን አይመለከተኝም» አልኋቸው። ቃሌ በደንቡ መሠረት ውሸት አልነበረም፤ በዚህም ብዙ ዘመን ራሴን ሳጽናና ኖርሁ።

ሽማግሌው ከሥራ ተሰናበቱ። የአገልግሎት ምስክር ወረቀታቸውን እንድጽፍ የታዘዝሁትም እኔ ነበርሁ። ሊወስዱ በመጡ ቀን መነጽራቸውን ረስተው ኖሮ «እስቲ አንብብልኝ፥ ልጄ» አሉኝ።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርሁ።

«እሱ ማነው?» አሉኝ።

«እንዲያው የተለመደ አጻጻፍ ነው፥ አባባ።»

ጥቂት ፊቴን አዩና «ቀጥል» አሉኝ። እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብሁላቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝም ወጡ። «ታዘብሁህ» ግን አላሉኝም።