አንድ ቆብ ለሁለት ራስ

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሁለት ሆነን ነው። አንድ ክፍል የምናድር፣ አንድ ዲፓርትመንት የምንማር፣ አንድ ቀንም አብረን የወደቅን ጓደኛሞች ነን። ስለዚህ «እኛ» ማለታችን ለማዕረግ አይደለም፤ እውነትም ሁለት ስለ ሆንን ነው። ከመካከላችን ቆብ የደፋው ማን እንደ ነበረ፣ ባዶ ራሱን የነበረውም ማን እንደ ሆነ ግን በዚህ ገጽ ላይ አንናገርም። ለምን እንደማንናገር መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጧት ነው። ከተማችንን ታውቋታላችሁ። ሜዳ ናት፤ መንገዷ ቀጥ ያለ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ የተተከለበት ነው። ብስክሌቱ፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስባታል። ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፤ ታቦር ተራራን ካልወጡ በቀር ሰውን የሚያስፈራ ነገር ያለባት አትመስልም። የሰው ልጅ ደግሞ ካልፈራ አይጠነቀቅም። እኛም እንደዚያው ነበርን።

የአንዳችን ታላቅ ወንድም ገጠር ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነው። ለስብሰባ ወደ ከተማ መጥቶ ሞተር ሳይክሉን ለሁለት ቀን እኛ ዘንድ ተወ። ቁልፉንና አንድ ቆብ (ሄልሜት የምንለውን) ሰጥቶን «ቀስ በሉ እንጂ፣ አደራ» ብሎን ሄደ። ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ አለን። ሳምንቱን በፈተና ተቃጥለን ስለ ነበር አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ለመብላት ተስማማን። ማን ይንዳ በሚለው ላይ ግን መስማማት አቃተን። በመጨረሻ ያችን አንበሳና ሚዛን ያለባትን የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ተባባልን። ዕጣ የወጣለት ሊነዳ፣ ያልወጣለት ከኋላ ሊፈናጠጥ።

«ቆቡስ?» አለ አንዳችን።

«ለነጂው ነዋ! ትራፊክ የሚያየው ነጂውን አይደል እንዴ?»

«አንተስ ባዶ ራስህን?»

«ኧረ ባክህ፣ ቅርብ ነው!»

ይህቺን «ቅርብ ነው» የምትል ቃል ልብ በሉልን። ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሞራ ገደል ደረስን። ቆሮሶውን ጠብሰው በዳጣ አቀረቡልን፤ የዓሣ ሾርባም ጠጣን። አባ ኮዳዎቹ ካባ እንደ ደረቡ ዳኞች ዙሪያችንን ቆመው አጥንት ይጠብቃሉ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ሳቅን፣ ተጫወትን፣ ስለ መመረቂያ ጽሑፋችን ተከራከርን። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሣን። ያው በመጣንበት አኳኋን ነጂው ነጂ፣ ተፈናጣጩም ተፈናጣጭ እንደ ሆነ።

ፍጥነታችን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። ይህን የምንለው ለማስተባበል አይደለም፤ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። ከፊታችን የነበረው ባጃጅ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ጥግ ያዘ። እኛ ወደ ግራ አልን። ለቤት ሥራ የተራገፈ አሸዋ ከመንገዱ ዳር ወደ አስፋልቱ ፈሶ ኖሯል። ፍሬን ያዝን፤ የፊቱ ጎማ አሸዋው ላይ ከዳን። ከዚያ በኋላ ያለውን አንዳችን ብቻ ነው የምናስታውሰው። እሱም ቢሆን የሚያስታውሰው ድምፅ ነው፦ «ጓ!» የሚል፣ ባዶ በርሜል በዱላ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ቆቡ ከአስፋልቱ ጋር ሲጋጭ ነው። ሌላው ራስ አስፋልቱን ሲመታ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረውም። ምን ዓይነት ድምፅ እንደ ነበረው መጻፍ አንፈልግም።

የሐዋሳ ሰው ደግ ነው። ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደም የሚፈስሰውን ራስ አሠረች። ያ ባለ ባጃጅ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰን፤ ሒሳብ ስንለው «ኧረ እግዚአብሔርን ፍሩ!» ብሎ ሄደ። ሰዎቹ እጅና እግር ይዘው ብድግ ያደረጉን በቅንነት ነው። በኋላ እንደ ተረዳነው ግን ራሱን የተመታ ሰው አንገቱ ሳይታጠፍ፣ ራሱና ትከሻው ባንድነት ተደግፎ ነው መነሣት ያለበት። ይህንንም ያዙልን፤ ነገ ሌላ ሰው ታነሡ ይሆናል።

ቆብ የደፋው አንዳችን መዳፉ ተገሽልጦ፣ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚልከው እጁን ነውና ጓንት ቢኖር መዳፉ ይተርፍ ነበር። ክንዱ ግን ወፍራም ጃኬት ለብሶ ስለ ነበር የተቀደደው ጃኬቱ ነው እንጂ ቆዳው አይደለም። ባዶ ራሱን የነበረው ሌላችን ዓይኑን የገለጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ዓይኑን ገልጦም «ዓሣውን በላን?» ብሎ ጠየቀ። «በልተናል» አልነው። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ «ዓሣውን በላን?» አለ። «አዎ፣ በልተናል።» ደግሞ ሁለት ደቂቃ። «ዓሣውን በላን?» እንዲህ እያለ መሸ። ቀን የሳቅንበት ዓሣ ሌሊቱን ሙሉ የምናለቅስበት ሆነ።

ሐኪሙ በሲቲ ስካኑ ላይ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ጥቂት ደም እንደ ታየ ነገረን። ደሙ ካልጨመረ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፤ ከጨመረ ግን... ብሎ ዝም አለ። አልጨመረም። እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ አሥራ አንድ ቀን አልጋ ላይ፣ ከዚያም ወራት የሚወስድ ራስ ምታት፣ አንድ ገጽ አንብቦ መርሳት፣ በመጨረሻም ዊዝድሮው ሞልቶ ቤት መግባት ተከተለ። አብረን የጀመርነውን ትምህርት አብረን አንጨርስም ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን የአንዳችን እናት ከይርጋለም መጡ። አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። አልጋው ሥር የተቀመጠውን ቆብ አንሥተው ገለበጡት። ላዩ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር እንቁላል የሚያህል ስፍራ ተጨፍልቋል። ጣታቸውን በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ጥቂት ቆዩ።

«ልጆቼ፣ ይኼ ነገር አንድ ብቻ ነበር?» አሉን።

«አዎን፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገሩም። እኛ ግን ያችን ጥያቄ እስከ ዛሬ ተሸክመናት እንዞራለን።

ተማሪ ነንና ነገሩን በንባብ ለመመርመር ተነሣን። በመጀመሪያ ሒሳቡን ሠራነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ይህን ፍጥነት በመውደቅ እንዲያገኘው ከስድስት ሜትር በላይ ከፍታ መውደቅ አለበት። ማለትም ፎቅ ላይ ወጥቶ በራሱ መዘርጠጥ ነው! «ቀስ ብለን ነው የምንነዳው» የምንለው እንግዲህ ይህን ነው። ባዶ ራስ አስፋልት ሲመታ የሚቆመው በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ እንደ ተንሳፈፈ ነውና ቅሉ ሲቆም እሱ አልቆመም፤ ሄዶ ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። ቆቡ የሚያደርገው ተአምር የለም። ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የምናገኘው የነጩ ፎም ዘመድ፣ ጠንከርና ጠቅጠቅ ያለው፣ ውስጡ አለ። የላዩ ቅርፊት ምቱን ይበትነዋል፤ ፎሙ ደግሞ ራሱ እየተጨፈለቀ ለራሳችን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የመቆሚያ ርቀት ይሰጠዋል። በዚያች ርቀት ኃይሉ ብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የወደቀ ቆብ ሁለተኛ አይደፋም።

ቀጥሎ ታሪኩን አገኘነው። «የዓረቡ ሎውረንስ» የሚባለውን እንግሊዛዊ በፊልም ያየነው አለን፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ያ ፊልም የሚጀምረው በሞተር ሳይክል አደጋ ነው። እውነተኛው ሰውዬ በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. በቤቱ አቅራቢያ ሁለት ብስክሌተኛ ልጆችን ላለመግጨት ብሎ ሲሸሽ ወደቀ። በረሃውንና ጦርነቱን ያለፈ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ባዶ ራሱን! እሱም «ቅርብ ነው» ሳይል አልቀረም። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት አጥንቶ በ1941 እ.ኤ.አ. የቆብን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኛ ሞተረኞቹን ቆብ እንዲደፉ አስገደደ። ሲቪሉ ሁሉ በሕግ የተገደደው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኬርንስ ራሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። ለመሆኑ ዕውቀት ከሐኪሙ ጠረጴዛ እስከ ሰው ራስ ድረስ ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን መፍጀት ነበረበት?

ዛሬ ማስረጃ አይጎድልም። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2008 እ.ኤ.አ. የቀረበ ግምገማ ቆብ በሞተረኛ ላይ የሚደርሰውን የራስ ጉዳት በ69 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ42 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አገራችንም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. ባወጣችው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ሞተረኛ ቆብ እንዲያደርግ አዝዛለች። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክልን ስትገድብ ዋናው ጩኸት ዝርፊያ ነበር። ስለ ኪሳችን ተጨነቅን፤ ደግ ነው። ስለ ራሳችንስ?

ደንቡ አለ፤ እኛ ግን ቆቡን የምንደፋው ለትራፊክ ፖሊሱ ነው። እሱ ካለበት አደባባይ ስንደርስ እንደፋለን፣ ስናልፍ አውልቀን ክርናችን ላይ እናንጠለጥላለን። ጎበዝ፣ ክርን እኮ አንጎል የለውም! ማሰሪያውን ሳይቆልፍ የሚደፋም አለ፤ እንዲህ ያለው ቆብ ከባለቤቱ ቀድሞ ይወርዳል። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ደፍቶ የሚነዳም አይተናል፤ እሱ ከላይ ለሚወድቅ ጡብ የተሠራ ነው እንጂ ለአስፋልት አይደለም። ተሳፋሪ ሲሆኑ ደግሞ «የሰው ላብ ያለበትን አልደፋም» የሚሉ አሉ። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ መልሱ ግን ከሥር ስስ ሻሽ ማሰር ነው እንጂ ባዶ ራስ መሆን አይደለም። ፀጉሬ ይበላሻል፣ ይሞቀኛል፣ ውድ ነው... ሁሉንም እኛም ብለናል። ግን ተመልከቱ፦ ስልክ በገዛን ቀን ሽፋን እናለብሰዋለን፤ መስታወቱ ላይ ሌላ መስታወት እናስለጥፋለን፤ ሳናለብሰው አንድ ቀን አናድርም። ለስልካችን ያወቅንበትን ለራሳችን አላወቅንበትም።

«ቅርብ ነው» ወደምትለዋ ቃል እንመለስ። የምንወድቅበት ቦታ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ራሳችን ያለው ርቀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚህ የቀረበ ምን አለ?

አሁን ማንኛችን ቆብ ደፍቶ እንደ ነበረ ለምን እንዳልተናገርን እንንገራችሁ። ብንናገር አንዱን «ዕድለኛ»፣ ሌላውን «ምስኪን» ትሉታላችሁ፤ ወይም ነጂውን ትወቅሳላችሁ። እኛም እርስ በርሳችን ያንን ሞክረነዋል። አንዳችን «አንተ ልትደፋ ሲገባህ» ብሎ ሌሊት አልቅሷል፤ ሌላችን «እኔ ነኝ ቅርብ ነው ያልኩት» ብሎ ተከራክሯል። ነገሩን የወሰነው ግን የአንድ ብር ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ በሌላ ጎኑ ቢወድቅ ኖሮ «ዓሣውን በላን?» የሚለው ሌላኛችን ይሆን ነበር። ሁለት ቆብ ቢኖር ግን ሳንቲሙ የሚወስነው ማን ይንዳ የሚለውን ብቻ ነበር። ጥፋታችን ይኸው ነው፣ የሁለታችንም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እኛ የጮኽነው ከሄደ በኋላ ነው። እናንተ ግን ጅቡ ገና አልመጣባችሁም። ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ቆብ ገዝተናል፤ በክፍላችን በር ጀርባ ተሰቅለዋል። ሞተር የሚጋልብ፣ ከኋላ የሚፈናጠጥም ቢሆን፣ መጥቶ ይውሰድ፤ ሲጨርስ ይመልስ፤ ኪራይ የለውም። ከጎናቸው ሦስተኛ፣ የተሰነጠቀ ቆብ አለ። እሱን አናበድርም። ጣታችሁን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታችሁ ማየት ግን ትችላላችሁ።

ያ ጓደኛችን ያን ቅዳሜ ዛሬም አያስታውሰውም። አንዳንድ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ይጠይቃል፤ አሁን ረስቶ ሳይሆን መስማት ፈልጎ ነው።

«ዓሣውን በላን?»

«በልተናል፤ ቆሮሶ፣ በዳጣ። ሐይቁም ጸጥ ብሎ ነበር።»