ወንድሜ የንቃት ኪኒኑን ሲያቆም ከጎኑ ሆኜ የተማርኩት

ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንኖረው አል ማምዛር ነው፤ ዱባይና ሻርጃ የሚዋሰኑበት የባሕር ዳር ሰፈር። ቀን የአንድ ንግድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ማታ ለኤሲሲኤ የሒሳብ ሙያ ፈተና ያነባል። ትኩረቱን መሰብሰብ እየቸገረው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኤዲኤችዲ እንዳለበት ተነገረው፤ ኮንሰርታ የሚባል የንቃት ኪኒንም ታዘዘለት። መድኃኒቱ ጠቅሞት ነበር። ፈተና ሲቃረብ ግን አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን ሦስት ማድረግ ጀመረ። ለወር የተሰጠው ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፤ የቀሩትን ቀናት ተኮራምቶ ተኝቶ ያሳልፋቸዋል። ካቆመ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን የምጽፈው እሱ አንብቦ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው፤ እዚህ አገር በየክፍሉ ለማንም ሳይናገር የሚሠቃይ ብዙ ወንድምና እህት እንዳለ ስለማውቅ።

1. እንቅልፍ ማጣትን አናወድስ

እኛ ቤት «ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አደረ» ትልቅ ሙገሳ ነው። ወንድሜ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለፈተና ጫት ቅሞ ማደርን ከጓደኞቹ ለመደ፤ አወዳይ ቅርብ ነው፣ ቅጠሉም ትኩስ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ቃሚ ሁልጊዜ የዕለቱን የሚፈልገው። ኤምሬትስ ጫትን በሕግ ስለከለከለች ሲመጣ ተወው። ሰውነቱ እንቅልፍ ሲጠይቀው «ቆይ» ማለትን ግን አልተወም፤ ያ እኛም አሞግሰን ያሳደግነው ነገር ነው።

ኪኒኑ ደግሞ ማኅተም ያለው፣ ከፋርማሲ የወጣ፣ ስሙ የተጻፈበት ነበር። «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፣ እታለም» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ኮንሰርታም ሪታሊንም ውስጥ ያለው ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሲባ ኩባንያ ተሠራ፤ ኬሚስቱ ሌአንድሮ ፓኒዞን ሪታሊንን የሰየመው በሚስቱ በሪታ ስም ነው። በ1971 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ይህንኑ መድኃኒት ከአምፌታሚን ጋር በአንድ የቁጥጥር መደብ አስቀመጠው። ሐኪም ያዘዘው በሐኪም ልክ ሲወሰድ ነው መድኃኒት የሚሆነው። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደርና የፋብሪካ ሠራተኛ ነቅቶ እንዲቆይ ሲሰጥ የነበረው ሜታምፌታሚን ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡን አዳርሶት፣ በ1951 የተለየ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። የተማረና ታታሪ ሕዝብ ነው ይህ የደረሰበት፤ ወንድሜን ሰነፍ ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይህን ይወቅልኝ።

2. ሕጉን ፈርቶ መደበቅ ከሕጉ ይልቅ ይጎዳል

እዚህ ስለ መድኃኒትና ስለ ሱስ ማውራት የሚያስፈራው መታሰርና መባረር ስላለ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሆኖም ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ፣ ቁጥር 30፣ ተጠቃሚው ሳይያዝ በፊት በራሱ ወይም በቅርብ ቤተሰቡ አማካይነት ለሕክምና ቢቀርብና በእጁ ያለውን ቢያስረክብ የወንጀል ክስ እንደማይመሠረትበት ይደነግጋል። ዱባይ ውስጥ ኢራዳ የሚባል የሱስ ሕክምናና ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ አቡ ዳቢ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ብሔራዊ የማገገሚያ ማዕከል አላት። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ዝርዝር ስላለው፣ ከመሄድ በፊት ጠበቃ ወይም ማዕከሉን ራሱን ደውሎ መጠየቅ ይበጃል።

የወንድሜ ነገር ቀለል ያለ ነበር፤ መድኃኒቱ በራሱ ስም የታዘዘ ስለነበር ወደ ሐኪም ተመልሶ «ከታዘዘልኝ በላይ እየወሰድኩ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ግን ወራት ፈጀበት። በመጨረሻ በስልኩ ላይ ጻፋትና ሐኪሙ ፊት ከስልኩ አነበበ። ሐኪሙ አልተቆጣም። የደም ግፊቱን ለካው፣ እንቅልፉን ጠየቀው፣ መጠኑን በደረጃ እየቀነሰ የሚያቆምበትን መንገድ ጻፈለት። ጠርሙሱ ከዚያ ወዲያ እኔ ዘንድ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት አንዷን እሰጠው ነበር።

3. የመጀመሪያው ሳምንት የመኝታና የምግብ ነው

ኪኒኑን ሲወስድ ምግብ አይቀምስም ነበር፤ ጉንጩ ገብቶ፣ ጥርሱን እያፋጨ፣ ጣቱን እየነከሰ። ሲያቆም ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ተኝቶ ይውላል፣ ሲነሳ ይርበዋል፣ ሲበላ ይተኛል። ያ መውደቅ የሚጠበቅ መሆኑን ሐኪሙ አስቀድሞ ባይነግረን ኖሮ ሌላ በሽታ ነው ብዬ በድንጋጤ ድንገተኛ ክፍል እወስደው ነበር። ከዴራ የሐበሻ ሱቅ የገብስ ዱቄት ገዝቼ እናቴ ለአራስ እንደምታዘጋጀው አጥሚት ሠራሁለት፤ ቅቤውን አሳነስኩ። የዓመት ፈቃዱን ያስወጣሁትም ለእነዚያ ቀናት ነው። ሥራ እየገቡ የመጀመሪያውን ሳምንት ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ፈቃድ ካለ ግን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

በዚያ ሳምንት አልመከርኩትም፣ አልወቀስኩትም። አእምሮው የሚሰማበት ጊዜ አልነበረም።

4. ሕልሙ

ሐረር አካባቢ ጫት ያቋረጠ ሰው ሌሊት የሚያስጮኸውን ቅዠት ዱካክ ይሉታል። ወንድሜም ያውቀዋል፤ እዚህ ሲመጣበት ግን ደነገጠ፣ ኪኒን ያንን ያመጣል ብሎ አልጠበቀም። በአነቃቂ መድኃኒት ታፍኖ የኖረ ሕልም ሲለቀቅ በኃይል ነው የሚመጣው፤ ያልፋል። መብራት አብርቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ መመለስ በቂ ነበር።

5. አደገኛው ጊዜ ሰው «ዳነ» የሚልበት ነው

ይህ ከሁሉ በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ነው። እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ፊቱ ሞላ፣ ሥራ ተመለሰ። ቤተሰብ እፎይ አለ። እሱ ግን ውስጡ ባዶ ነበር። ኳስ ሲያይ ደስ አይለውም፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ከልቡ አይደለም፣ የሚወደውን ሽሮ «ጣዕም የለውም» ይላል። አንጎል ዶፓሚን ሲጎርፍለት ለምዶ ሲቆይ፣ ጎርፉ ሲቆም የዕለት ተዕለቱ ትንሽ ደስታ አይሰማውም፤ ያ ስሜት እስኪመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አልኮል ማቆም በራሱ ሊገድል ይችላል፤ አነቃቂ ማቆም እንዲያ አይደለም። እዚህ ላይ የሚገድለው ድባቴው ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ጠየቅኩት፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጥን። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አያስገባም፤ ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ይናገራሉ። ዝም አለ፣ ከዚያ «አንድ ሁለቴ» አለ። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ነበርን። የአምቡላንስ ቁጥሩን 998ን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ፤ አብራን የምትኖረውንም ልጅ ነገርኳት፣ እሱ ፈቅዶ። ምስጢር የሚጠብቅ ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ያ ሰው ይደክማል። ደክሞኝም ነበር።

ሃራራው ሲመጣ ከሩብ ሰዓት ወይም ከግማሽ ሰዓት እንደማያልፍ ከእሱ ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ ባሕር ዳር እንወጣለን። በጋው ቀን አያስወጣም፣ ከመግሪብ በኋላ ግን የአል ማምዛር ኮርኒሽ በሰው ይሞላል፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ሻይ ይጠጣል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተራምዶ «እንመለስ» ይል ነበር። በኋላ ሮጦ እኔን ጥሎኝ የሚሄድ ሆነ። የአነቃቂ ሱስን ለማከም በጤና ባለሥልጣናት የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ የንግግር ሕክምናና ንጹሕ ሆኖ ለቆየበት ጊዜ ትንሽ ሽልማት መስጠት ነው የተሻለ ውጤት የታየበት። እኛ ቤት ሽልማቱ ዓርብ ዓርብ ክትፎ ነበር።

6. ከሰው እጅ ኪኒን አይቀበሉ

ኪኒኑ ወር ሳይሞላ ያልቅበት በነበረ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባው «ተመሳሳይ ነገር አለኝ» ብሎት ነበር። አልወሰደም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለምሳሌ ካፕታጎን የሚባለው ኪኒን እ.ኤ.አ. በ1961 ጀርመን ውስጥ የሐኪም መድኃኒት ሆኖ ነው የተሠራው፣ በ1986 ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ገባ። ዛሬ በዚያ ስም በባሕረ ሰላጤው የሚዘዋወረው፣ አረቦቹ በላዩ ባሉት ሁለት ጨረቃዎች አቡ ሂላለይን የሚሉት፣ በስውር የተጋገረ አምፌታሚን ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። በመስከረም 2023 ዱባይ ውስጥ በበርና በቤት ዕቃ ውስጥ ተደብቆ 13 ቶን ተይዟል፤ ከ86 ሚሊዮን ኪኒን በላይ። እንዲህ ያለ ነገር ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ስደተኛ ኑሮው በአንድ ቀን ያበቃል።

7. እናታችንና ጸበሉ

እናቴ ደሴ ነው ያለችው። ስትሰማ «አምጪልኝ፣ ጸበል ይጠመቅ» አለች። አልተከራከርኳትም። ሄዶ ተጠመቀ፣ አለቀሰ፣ ቀለለው፤ በእምነት የሚገኝን ብርታት ማንም ሐኪም በማዘዣ አይሰጥም። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አላስተውኩትም፤ እሷም ስታየው «ሁለቱንም ያድርግ» አለች። አገር ቤት ለሚኖር ሰው አማኑኤል ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ለጉዞ መድኃኒት የሚይዝ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ወደ ኤምሬትስ ሲመለስ፣ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይወቅ።

8. ቡና

ማታ የምናፈላውን ወደ ጠዋት አዛወርን። ልቡ ይመታ፣ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበርና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቦል ብቻ፣ ያውም ቀጠን ያለ።

9. የመጀመሪያው ችግር አልጠፋም

ትኩረት ማጣቱ እንዳለ ነው፤ ኪኒኑን በማቆሙ ኤዲኤችዲው አልዳነም። ሐኪሙ አሁን አቶሞክሲቲን ጽፎለታል፤ አነቃቂ ያልሆነ፣ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት መጠበቅ የሚያስፈልገው መድኃኒት። እንደ ድሮው ሁለት ሰዓት ሳይንቀሳቀስ አያነብም። በየሃያ ደቂቃው ይነሳል፣ ይመለሳል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን መጽሐፉን ይዘጋል። ኤሲሲኤ በዓመት አራት ጊዜ ይፈትናል፤ ድሮ ሁለት ሦስት ወረቀት በአንድ ዙር ይይዝ የነበረው ልጅ ለዲሴምበር አንድ ብቻ ተመዝግቧል።