አምስት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ወደ ፊት ይኖራልን?

ክሪኬት ስለሚባለው ጨዋታ ልጽፍ መነሣቴን የክፍል ጓደኞቼ በሰሙ ጊዜ፣ «በአገራችን ማን ይጫወተዋል?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ራሴ እስካለፈው ክረምት ድረስ ስሙን እንጂ ግብሩን አላውቅም ነበር። ያወቅሁትም በፈቃዴ ሳይሆን በግዴታ ነው። እንዴት እንዳወቅሁትና ስለ ዕድሜውም ምን እንደማስብ በአጭሩ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

ወንድ አያቴ የሚኖሩት በደሴ ከተማ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው ማንበብ ተሳናቸው፤ ስለዚህ ተማሪ ቤት ሲዘጋ እናቴ አጠገባቸው እንድሆን ሰደደችኝ። በእርሳቸው የወጣትነት ዘመን ከህንድ አገር የመጡ አስተማሪዎች በብዙ የኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች ያስተምሩ ነበርና፣ አያቴንም ሒሳብ ያስተማሯቸው አንድ ህንዳዊ ነበሩ። እኚህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሜዳ አውጥተው፣ ከባሕር ዛፍ በተጠረበ መምቻ ክሪኬት ያለማምዷቸው ነበር። አስተማሪው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ብዙ ዘመን ቢሆንም የጨዋታው ፍቅር ከአያቴ ልብ አልወጣም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት የህንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ አምስት ግጥሚያ ሲያደርግ፣ ከስልኬ እያነበብሁ ሁኔታውን የምነግራቸው እኔ ሆንሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቡድኖች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ይዘው ይገጥማሉ። ከአንደኛው ወገን አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ ደግሞ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ችካሎች እየጠበቀ ኳሱን ይመታል። መትቶም ከጓደኛው ጋራ ቦታ እየተለዋወጠ ሲሮጥ ነጥብ ይቆጠርለታል። ኳሱ ችካሉን ቢመታበት ወይም እርሱ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብ ከጨዋታው ይወጣል። ዐሥር ሰዎች ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል። ቴስት የሚባለው ረጅሙ ዓይነት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ ለምሳና ለሻይ ይቋረጣል፤ እያንዳንዱም ቡድን ሁለት ጊዜ የመምታት ተራ ይሰጠዋል። ይህም ሁሉ ሆኖ አምስተኛው ቀን ሲመሽ አሸናፊ ላይገኝ ይችላል።

«አባባ፣ አምስት ቀን ሙሉ ተጫውቶ ሳይሸናነፉ መለያየት ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አያቴም ስቀው፣ «ይህ ምኑ ይገርምሃል!» አሉና የባሰውን ነገሩኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ የቀን ገደብ የሌለው ግጥሚያ ገጥመው ነበር። እንግሊዞች ለማሸነፍ 696 ነጥብ ያስፈልጋቸው ነበርና 654 ካደረሱ በኋላ፣ ግጥሚያው በተጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ወደ አገራቸው የሚወስዳቸው መርከብ እንዳያመልጣቸው ጨዋታውን ትተው ሄዱ። እኔም በልቤ፣ «እንዲህ ያለ ጨዋታ እስከ ዛሬ መኖሩ ይገርማል» አልሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ቅዳሜ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በለንደን የተደረገው የመጨረሻው ግጥሚያ ሦስተኛ ቀን ነበር። የሰፈር ልጆች ለእግር ኳስ ጠሩኝ። እኔም ከስልኩ ሥር መቀመጥ ሰልችቶኝ፣ «አባባ፣ ለንደን ዝናብ ስለ ጣለ ጨዋታው ቆሟል» ብዬ ዋሽቻቸው ሄድሁ።

በማግሥቱ እሑድ እንግሊዞች 374 ነጥብ ለማግኘት ይታገሉ ነበር። ሃሪ ብሩክ የተባለው መቺያቸው ገና 19 ላይ ሳለ የመታውን ኳስ፣ መሐመድ ሲራጅ የተባለው ህንዳዊ ቀለበው። ነገር ግን ኳሱን እንደ ያዘ እግሩ የሜዳውን ወሰን ስለ ረገጠ ልፋቱ ከንቱ ሆነ። ብሩክም ተርፎ እስከ 111 ደረሰ። ወደ ማታ ብርሃኑ ደከመ፣ ዝናብም ጣለ፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። ይህንኑ ስነግራቸው አያቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣

«ይህኛውስ ዝናብ የለንደን ነው ወይስ የትናንቱ ዓይነት ነው?» አሉኝ።

ለካስ ቅዳሜ ማታ ከሬዲዮ ወሬውን ሰምተው ኖሯል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሳይሆን በፊት አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እንግሊዞች 35 ነጥብ ይቀራቸዋል፤ ህንዶች አራት ሰው ማስወጣት ይቀራቸዋል። ከአራቱ ሦስቱን ያስወጣ ያው ትናንት ወሰን የረገጠው ሲራጅ ነው። በመጨረሻ ክሪስ ዎክስ የተባለው እንግሊዛዊ፣ በመጀመሪያው ቀን ትከሻው ወልቆ ሳለ፣ አንድ እጁን ታስሮ በአንድ እጁ መምቻውን ይዞ ገባ። ጨዋታው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ህንዶች በ6 ነጥብ አሸነፉ። አምስት ግጥሚያ፣ አምስቱም እስከ አምስተኛው ቀን የደረሱ፣ ሁለት ለሁለት ሆነው አለቁ።

«አየህ ልጄ» አሉ አያቴ፤ «ጨዋታው ትናንት ቢያልቅ ኖሮ የዚህ ልጅ ስም በጥፋቱ ብቻ ይነሣ ነበር።» ስለ እኔ ውሸት አንዳች አልተናገሩም። እኔ ግን ለእኔም እንደ ሆነ ገብቶኝ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ተማሪ ቤት ከተከፈተ በኋላ ይህን ነገር በክርክር ክበባችን አነሣሁት። ተቃዋሚዬ የሆነው ጓደኛዬ ተነሥቶ፣ «እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ሥራ ያለው ሰው አምስት ቀን ከየት ያመጣል?» ሲል ሁሉም አጨበጨበለት። ታሪኩም የሚረዳው እርሱን ነው። የመጀመሪያው ቴስት በ1877 በሜልበርን ከተማ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ መካከል ተደረገ። በ1971 እዚያው ሜልበርን ዝናብ አንዱን ቴስት ቢያበላሸው፣ በምትኩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ግጥሚያ ተደረገ። በ2003 ደግሞ እንግሊዞች በሦስት ሰዓት ገደማ የሚያልቀውን፣ ለአንድ ቡድን 120 ኳስ ብቻ የሚወረወርበትን አጭር ጨዋታ ጀመሩ። በ2008 የህንድ ፕሪሚየር ሊግ ሲቋቋም ብዙ ገንዘብ ወደ አጭሩ ጐረፈ።

ለጓደኛዬ አንድ ነገር አምኜለታለሁ፤ እኔም ራሴ ሦስተኛውን ቀን መታገሥ አቅቶኝ ዋሽቻለሁና። ነገር ግን ረጅሙን ጨዋታ የሚያሰጋው የተመልካች ትዕግሥት ማነስ ብቻ ነው ማለቱን አልቀበልም። ያን ሰኞ ሜዳው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጨዋታ በሰው ሞልቶ ነበር። ይልቁንስ የሚያሰጋው የገንዘቡ ነገር ነው። በ2024 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ዋና ዋና ተጫዋቾቿን ለአገር ውስጥ አጭር ውድድር አስቀርታ፣ ካፒቴኑ እንኳ አንድም ቴስት ተጫውቶ የማያውቅ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ላከች። እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ህንድ እርስ በርሳቸው አምስት አምስት ቴስት ሲጋጠሙ፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አገሮች ሁለት ብቻ ተጫውተው ይለያያሉ።

ሆኖም በዚያው በ2024 የጥር ወር የዌስት ኢንዲስ ቡድን በብሪዝበን አውስትራሊያን በ8 ነጥብ አሸነፈ። ሰባት ሰዎች ያስወጣው ሻማር ጆሴፍ ባራካራ ከምትባል የጉያና ትንሽ መንደር የወጣ፣ ቀድሞ የጥበቃ ሠራተኛ የነበረ ወጣት ሲሆን፣ በዋዜማው ኳስ የእግሩን ጣት መትቶት ነበር። ያችው ደቡብ አፍሪካም በ2025 በሎርድስ ሜዳ አውስትራሊያን ድል አድርጋ የዓለም የቴስት ሻምፒዮና ሆነች። እንግዲህ ችሎታውና ፍላጐቱ በድሆቹም ዘንድ አለ።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ቴስት በሦስቱ ሀብታሞች አገር ለብዙ ዘመን ይኖራል። ከአጭሩ ጨዋታ የሚገኘው ገንዘብ ለሌሎቹም በሚገባ ካልተካፈለ ግን፣ ሦስት ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት ማዕድ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቢሆን ያሳዝነኛል፤ ሁለተኛ ተራ የሚሰጥ ጨዋታ ብዙ የለምና። በክርክሩ ግን በድምፅ ብልጫ ተሸንፌአለሁ።

አያቴ በጥር ወር ዓይናቸውን ታክመው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ያለ ሰው እርዳታ ያነባሉ። እኔ አላስፈልጋቸውም ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቴስት ባለ ቀን አሁንም ይደውሉልኛል። ይህንንም መጽሔት አንድ እልክላቸዋለሁ። ስለ ቅዳሜው ዝናብ የጻፍሁትን በገዛ ዓይናቸው ያንብቡት።