ስለ ሰውነት ክብደትና ስለ አንድ የሴቶች ደዌ

እኔ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል እነሆ 19 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ነገር መጻፍ ነው እንጂ የራሴን ነገር በአደባባይ ማውጣት ልማዴ አይደለም። ነገር ግን ከአምና ወዲህ በመዝገብ ቤቱ መስኮት የሚያልፈው ባለጉዳይ፤ የሥራ ጓደኞቼም፤ ጐረቤቶቼም «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ? ታመሽ ነውን?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፤ ከኋላዬም የሚያንሾካሽኩ እንዳሉ ስለ ሰማሁ፤ ለእያንዳንዱ ከመመለስ ይልቅ አንድ ጊዜ ጽፎ ማቅረብ ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። መልሱም አጭር ነው፤ ደዌ ነበረብኝ፤ ዛሬም አለብኝ፤ የበረታብኝ ግን ወፍሬ «ተመችቷታል» ስባል በነበረበት ወራት ነው እንጂ ዛሬ አይደለም።

በእኛ አገር ውፍረት ብዙ ጊዜ እንደ ጤንነትና እንደ ድሎት ይቈጠራል። ስለዚህ በሙሽርነቴ ወራት ያየኝ ሁሉ ያመሰግነኝ ነበር። ልጅ ሳልወልድ ሦስት ዓመት ባለፈኝ ጊዜ ግን ያው የተመሰገነው ሰውነቴ መወቀሻዬ ሆነ፤ «ስብ ማኅፀኗን ዘግቶት ነው፤ ሆዷን ስለማትገታ ነው» የሚሉ ተነሡ። አንዳች አዲስ ማስረጃ ሳይቀርብ ፍርዱ እንዲህ ሲገለበጥ በችሎት እንኳ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ገና በልጅነቴ ነው። በሰሜን ሸዋ ከአያቴ ቤት ሳለሁ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሬ ዳዊት ደግሜ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አባቴ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ከአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባኝ። 16 ዓመት ሲሆነኝ የጓደኞቼ የወር አበባ በየወሩ ሲመጣ የእኔ በ3 ወር ወይም በ4 ወር አንድ ጊዜ ነበር። አገጬ ላይም ጠጕር ይበቅል ጀመር። የአንገቴ ቆዳ ደግሞ በስተኋላ በኩል ጠቈረ፤ ሲያዩትም እድፍ ይመስላል። አንዲት መምህርት አንገቴን ያልታጠብሁ መስሏቸው በተማሪዎች ፊት ስለ ገሠጹኝ፤ ማታ ማታ በሎሚና በድንጋይ እስኪደማ ድረስ እፈትገው ነበር። ያ ጥቍረት እድፍ እንዳልሆነ፤ በደም ውስጥ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ሲበዛ በቆዳ ላይ የሚወጣ ምልክት እንደ ሆነ የተረዳሁት ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

ካገባሁ በኋላ አማቴ ለልጅ ልጅ ከመጓጓታቸው የተነሣ ያልወሰዱኝ ስፍራ አልነበረም። ይህን በቅሬታ አልናገረውም፤ በየመንገዱ እጄን ይዘው ይሄዱ የነበሩት እርሳቸው ናቸውና። የሚያሳዝነኝ ይልቁንስ የአንድ ሐኪም ነገር ነው፤ ወንበር ላይ ሳልቀመጥ ከላይ እስከ ታች ተመልክቶኝ «ምግብ ቀንሺና ተመለሺ» ብሎ አሰናበተኝ። በማዕድ ላይ ከባለቤቴ ግማሹን እንኳ እንደማልበላ እርሱ ምን ያውቃል? ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሐኪም ደጅ አልረገጥሁም።

በ2001 ዓ.ም. ያገኘኋቸው ሴት ሐኪም ግን አስቀድመው ጠየቁኝ። የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን ሁሉ፤ የእናቴንና የእኅቶቼን ጤንነት፤ ስለ አገጬም ጠጕር ሳይቀር ጠይቀው ጻፉ። ደሜን አስመረመሩ፤ በአልትራሳውንድም አዩ። በመጨረሻም ደዌው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም እንደሚባል ነገሩኝ። ኦቫሪ ማለት የሴት እንቍላል የሚፈጠርበት ዕጢ ነው። ስሙን በማስታወሻዬ ስጽፈው ሦስት ጊዜ ሰርዤ በአራተኛው አቃናሁት።

ደዌው አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ እስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች 7 ሴቶችን መርምረው ስለዚሁ ነገር ጽፈዋል። ስሙ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ሲስት ማለት ውሃ የቋጠረ እብጠት ማለት ነውና። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ግን እንዲህ ያሉ እብጠቶች አይደሉም፤ ማደግ ጀምረው ሳይበስሉ የቀሩ የእንቍላል ከረጢቶች ናቸው። ሐኪሞች በአዋቂ ሴት ላይ ደዌው አለ የሚሉት ሌላ ተመሳሳይ በሽታ አለመኖሩን አጣርተው ከሦስቱ ምልክቶች ሁለቱን ሲያገኙ ነው፤ እነርሱም የወር አበባ መዛባት፤ የወንድ የሚባለው ሆርሞን መብዛት፤ የእነዚያም ከረጢቶች መበርከት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደዌው ካለባቸው ሴቶች ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት እንዳለባቸው አያውቁም። ቀጫጭን ሴቶችንም ይይዛል፤ እነርሱንማ ማንም አይጠረጥራቸውም።

ውፍረቱ ከወዴት እንደሚመጣ ስጠይቃቸው ሐኪሟ እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ኢንሱሊን ከምግብ የተገኘውን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ይህ ደዌ ያለባቸው የብዙዎቹ ሴቶች ሰውነት ግን ትእዛዙን ቶሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ ቆሽት ከልክ ያለፈ ኢንሱሊን ያፈልቃል። የበዛውም ኢንሱሊን ኦቫሪ የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ያደርገዋል፤ ስብም እንዲከማች ያግዛል፤ የተከማቸው ስብ ደግሞ በፈንታው ሰውነትን ለኢንሱሊን ይበልጥ እንቢተኛ ያደርገዋል። «እንዲህ እየተዟዟረ ከሆነ መነሻው የት ነው?» ብላቸው፤ «መነሻውን ተዪው፤ አንድ ቦታ ላይ ብንቈርጠው ይበቃናል» አሉኝ።

በዚያን ቀን ክብደቴ 86 ኪሎ ነበር። 30 ኪሎ ቀንሺ ይሉኛል ብዬ ስፈራ፤ ከክብደቴ ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ብቻ ብቀንስ የወር አበባዬ ሊስተካከል እንደሚችል ነገሩኝ። ከመቶ 5 ማለት 4 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ አለቀስሁ። ለአራት ኪሎ ነገር ያን ያህል ዓመት አንገቴን ደፍቼ መሄዴ አስቈጨኝ።

ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት አዘዙልኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዴን አወከኝ፤ በኋላ ተላመድሁት። በእግር መሄድም ጀመርሁ። በ7 ወር 80 ኪሎ ገባሁ፤ የወር አበባዬም በየ35 ቀኑ ይመጣ ጀመር፤ በ2003 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለድሁ። አማቴ የዚያን ቀን የእልልታቸው ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያስቸግርም፤ በአራስ ቤት ገንፎው በቅቤ፤ አጥሚቱ በማር፤ ጠያቂው ሁሉ «ብዪ፤ ለልጁ ነው» እያለ፤ የቀነስሁት ክብደት በአንድ ዓመት ውስጥ ከነወለዱ ተመለሰ። በዚህ ማንንም አልከስም፤ ገንፎውም ይጣፍጥ ነበር።

ልጅ ካገኘሁ በኋላ ደዌው የጨረሰ መስሎኝ ችላ አልሁት። ስሕተቴ ይህ ነው፤ ደዌው የልጅ መውለድ ነገር ብቻ አይደለምና። በ2016 ዓ.ም. ክብደቴ 91 ኪሎ ደርሶ ሳለ ሐኪሟ የ3 ወር የሚባለውን የስኳር ምርመራ አስደረጉልኝ፤ ከመቶ 6.1 ሆነ። ከ6.5 ጀምሮ የስኳር በሽታ ይባላል፤ እኔም በደጁ ቆሜ ነበር። የእናቴ ታናሽ እኅት በስኳር በሽታ እግራቸውን አጥተዋልና በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አንድ ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዝቼ፤ እንደ ለመድሁት ሥራ የበላሁትንና የጠጣሁትን ሁሉ ከነቀኑ መመዝገብ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ በራሴ ላይ መሰከረብኝ። በማዕድ ጥቂት እበላለሁ ማለቴ እውነት ነበር፤ ነገር ግን በቢሮ በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፤ በያንዳንዱም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ቢሆን በቀን 48 ግራም ነው፤ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብቻ ብንቈጥር 12 ኪሎ ስኳር ይሆናል። አሥራ ሁለት ኪሎ! ከገበያ በአንድ ጊዜ ተሸክሜው ብመጣ ኖሮ ጐረቤት ሁሉ ድግስ አለ ወይ ባለኝ ነበር። ስኳሩን በአንድ ቀን አልተውሁትም፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሁ በ3 ወር አጠፋሁት።

የጾሙም ነገር አስገረመኝ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳልቀምስ፤ እስከ 9 ሰዓትም እየቆየሁ፤ ክብደቴ በ2 ኪሎ ጨመረ። መዝገቡን ባገላብጠው ምክንያቱ ተገለጠልኝ፤ ረኀብ ከጸናብኝ በኋላ የምይዘው ነጭ ዳቦና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፤ በላዩም ጣፋጭ ሻይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጾሙን በምስር ወጥና በጐመን ከግማሽ እንጀራ ጋር እገድፍ ጀመር፤ ሽምብራና ባቄላም አበዛሁ። ጥራጥሬ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ስለ ሆነ እስከ ማታ ያቈየኛል። እንጀራዬንም ሩዝ ካልተደባለቀበት ጤፍ አስጋግራለሁ፤ ዋጋው ግን ወር ከወር አያደርሰኝምና ሁልጊዜ አይሆንልኝም። ደግነቱ ሐኪሞች አንድ የተለየ ምግብ ካልተበላ አይሉም፤ በአውስትራሊያ አገር የሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ አስተባብሮት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ለዚህ ደዌ አንዱ የአመጋገብ ሥርዓት ከሌላው እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም ይላል። ያው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፤ ጡንቻንም በሳምንት ሁለት ቀን ማሠራት ይመክራል። እኔ ከፍርድ ቤት እስከ ቤቴ 40 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በ5 ቀን 200 ደቂቃ ይሆናል። ለጡንቻዬም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ በር ዘግቼ አነሣለሁ። በሩን የምዘጋው ባለቤቴ አንድ ቀን አይቶኝ ስለ ሳቀ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ረኀቡም መንገዱም አይደለም፤ የሰው ፍቅር ነው። በልቅሶም በሠርግም ጉርሻ ይዞ «በሞቴ!» የሚለውን ዘመድ እንዴት እንቢ ይሉታል? በመጀመሪያ ሆዴን አሞኛል እያልሁ ዋሸሁ፤ በኋላ ግን ውሸቱ ስላስጠላኝ አንዱን ጉርሻ በደስታ ተቀብዬ፤ ለሁለተኛው «ሐኪም ከልክሎኛል» እላለሁ። ከሁለተኛው በኋላ የሚቀየም ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ከአንዲት አክስቴ በቀር።

በመጀመሪያው 3 ወር 4 ኪሎ ወረደልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ደብተሩን ልቀድደው ደርሼ ነበር። በ14 ወር 82 ኪሎ ገባሁ፤ የስኳሩም ምርመራ 5.6 ሆነ። የአንገቴ ጥቍረት ቀለል ብሏል፤ የአገጬ ጠጕር ግን እንዳለ ነው። ይህን የምጽፈው በ1 ወር ውስጥ ሁሉን እናጠፋለን እያሉ የማይታወቅ ቅጠልና ክኒን የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ ነው፤ እኔም በ1999 ዓ.ም. ገዝቼ ተቀምጦ ብቻ ነው ያተረፍሁት። ደግሞም የወር አበባቸው ከ3 ወር በላይ የሚቀርባቸው እኅቶች ውፍረት ኖረባቸውም አልኖረባቸውም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ለብዙ ጊዜ ሳይመጣ ሲቀር የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ይሄድና ዘመኑ ሲረዝም ለካንሰር የሚያሰጋ ይሆናል። ለዚህም መድኃኒት አለው።

አሁን ወደ ጽሕፈት ያነሣሣኝን እውነተኛ ምክንያት ልናገር። ልጄ ዛሬ 15 ዓመቷ ነው። ደዌው በዘር የሚተላለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የወር አበባዋ 3 ወር ቀርቶባት፤ በዚያው ሰሞን አንድ ዘመዳችን በማዕድ ላይ «አንቺም እንደ እናትሽ ልትሆኚ ነው» ሲላት ሳህኗን ገፍታ ተነሣች። እኔም በዚያን ጊዜ ዝም አልሁ። ለምን ዝም እንዳልሁ እስካሁን አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ሐኪሟ ይዣት ሄድሁ። በዚህ ዕድሜ የኦቫሪ አልትራሳውንድ ለመፍረድ እንደማይጠቅም፤ በልጃገረዶች ዘንድ ያለ ደዌም እንዲያ ሊታይ እንደሚችል ነገሩን፤ ደሟን አስመርምረው፤ ቀኑን በደብተር እየጻፈች በ3 ወር እንድትመለስ አዘዙ። ስትመዘን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ስንወጣ «እማዬ፤ ለምን አላየሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቍጥሩ የአንቺ ነው፤ ለእኔ ካልነገርሽኝ አልጠይቅሽም» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ከሄደች በኋላ፤ የ10 ብር ቆሎ ገዝታ ግማሹን በእጄ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ ያን እየበላን እስከ ቤት በእግራችን ሄድን።